ለ1,800 ብር የገዛሁት የማጥቢያ ትራስ

አራስ ጥየቃ የመጣ ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ካለ በኋላ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ትራስ ላይ ነው። ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ይሉኛል። እናቴ ቀድማኝ ትመልሳለች፦ "የ1,800 ብር ትራስ!"

የገዛሁት ሳልወልድ፣ በቴሌግራም ነው። ቱሉ ዲምቱ ድረስ ያመጣው ሞተረኛ 300 ብር ተቀብሎኛል። ብሎኩ ጠፍቶት ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ሦስት ጊዜ ደውሏል።

ሻጯ የለጠፈችው ፎቶ ላይ ያለችው እናት ትራሱን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሕፃኑን ከላይ አስተኝታ ፈገግ ብላለች። በኦፕራሲዮን እንዳልወለደች ያስታውቃል። እኔ እንደሷ ሳደርግ የትራሱ ጠርዝ ልክ ስፌቴ ላይ አረፈ። በዚያ ላይ 3 ኪሎ ከ400 የሚመዝን ልጅ። ጮህኩ። ልጁም አብሮኝ ጮኸ። እናቴ "ትራሱን ወዲያ ጣይው" አለች፤ ልጥለውም ነበር።

ከመጣል ያዳነችው ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር አዋላጅ ነርስ ናት። ልትጠይቀኝ መጥታ ትራሱን ከፊቴ አንስታ ጎኔ ላይ አደረገችው። ልጁን ብብቴ ስር አስገባችው፤ እግሩ ወደ ኋላ፣ አንገቱ መዳፌ ላይ። ቦርሳ እንደ መያዝ በሉት። ስፌቴን የሚነካው ነገር የለም። "አፉን በደንብ እስኪከፍት ጠብቂው፤ ጫፉን ብቻ ከያዘ ያቆስልሻል" አለችኝ።

ወተቴ እስከ 4ኛው ቀን አልወረደም። ጠብ ጠብ የሚል እንገር ብቻ ነበር። አክስቴ የስኳር ውሃ በጥብጣ ቁጭ አድርጋ ነበር። አዋላጇ "በኦፕራሲዮን ሲሆን አንዳንዴ ይዘገያል። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው፤ ሲጠባ ነው የሚመጣው" ብላ ብርጭቆውን አስነሳችው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ወተቱን ያወረደው የኔ አጥሚት ነው ትላለች። አልከራከራትም፤ አጥሚቷ ይጣፍጣል።

ወደ ትራሱ ልመለስ። ስፖንጁ በሦስተኛው ሳምንት ተኛ፤ ራሴ ፈትቼ አሮጌ ጨርቅ ጨመርኩበት። ልብሱ ነጭ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ወተት እየተተፋበት፣ ነጭ! ያለው ደግሞ አንድ ልብስ ብቻ ነው። ተጨማሪ እንድትሰፋልኝ ለሻጯ ጻፍኩላት። አይታዋለች፤ አልመለሰችም።

ሌሊት አልጠቀምበትም፤ በጎኔ ተኝቼ ነው የማጠባው። ልጁንም ላዩ ላይ አስተኝቼው ሄጄ አላውቅም፤ ሊንሸራተት ወይ ሊታፈን ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ሁለት የአልጋ ትራስ ብትደራርቡም ይሠራል። የኔው የሚበልጠው ስለማይንሸራተት ብቻ ነው። የምትገዙ ከሆነ ጠቆር ያለ ጨርቅ ጠይቁ። ዚፑም በየት በኩል እንደሆነ አይታችሁ ክፈሉ፤ የኔው ወደ ልጁ ጉንጭ ነው የሚዞረው።