ለሰነድ ማረጋገጫ “ፓኬጅ” ከመክፈላችሁ በፊት

በሙያ ቪዛ ወደ አውስትራሊያ ለማመልከት ሰነድ እያሰባሰባችሁ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ፓስፖርቱንም፣ ዲግሪውንም፣ የሥራ ልምዱንም “አረጋግጠን እንሰጣለን” እያሉ በገጽ የሚያስከፍሉ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጡላችሁ በነጻ የሚገኝ ነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ያልጠየቃችሁን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ማህተሙ ራሱ ዋጋ የሌለው ሆኖ ሲገኝ ነው።

አንድ የማውቀው ኢንጂነር የተሰጠውን የዋጋ ዝርዝር አሳይቶኝ ነበር። ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ሳይቀር ተዘርዝሯል። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ተሰልቷል። ከታች የአስቸኳይ አገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል። ሙያውን የሚመዝነው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ ግን የሚፈልገው የኦሪጅናሉን ጥራት ያለው ባለቀለም ስካን ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ቢሆን ተቀባዩ በውጤቱ ቁጥር ከፈተናው ድርጅት በኢንተርኔት ማጣራት ይችላል። ያን ሁሉ ገጽ ማህተም የሚያስመታበት ምክንያት አልነበረውም። ደግነቱ ቀብድ አልከፈለም ነበር።

ነገሩ የሚምታታው ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ስላሉ ነው። መጀመሪያ የሙያ ምዘናው አለ፤ ትምህርታችሁና ልምዳችሁ ለሙያው የሚመጥን መሆኑ የሚታይበት ማለት ነው። ይህን የሚሠሩት እንደየሙያው የተለያዩ አካላት ናቸው። ለኢንጂነሮች ኢንጂነርስ አውስትራሊያ፣ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ኤሲኤስ፣ ለነርሶች አንማክ፣ ለብዙ ሌሎች ሙያዎች ቬታሰስ። እያንዳንዱ የራሱ መመሪያ አለው። አንዱ ስካን ይበቃዋል፤ ሌላው ለተወሰነ ሰነድ የተረጋገጠ ኮፒ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የጓደኛችሁ ልምድ፣ ሙያው ከእናንተ የተለየ ከሆነ፣ ለእናንተ አይሠራም። መመሪያውን ራሳችሁ ከድረ ገጻቸው አውርዱና አንብቡት። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስለ ሰነድ አቀራረብ የሚናገረው ክፍል ጥቂት ገጽ ነው።

ሁለተኛው የቪዛው ማመልከቻ ነው። በኢሚአካውንት፣ ማለትም በኢንተርኔት የቪዛ ማመልከቻ ገጹ በኩል ሰነድ ስታስገቡ፣ ቪዛ የሚሰጠው የአውስትራሊያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሆም አፌርስ የሚፈልገው በግልጽ የሚነበብ ባለቀለም ስካን ወይም ፎቶ ነው። ሰነዱ ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ በአንድ ፋይል ይቀመጣል። በቃ። ማህተም የተመታበት ኮፒ ካስፈለጋቸው ይጠይቋችኋል።

የተረጋገጠ ኮፒ በእርግጥ ከተጠየቃችሁስ? አውስትራሊያ ውስጥ ያላችሁ፣ ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ ወይም በአጭሩ ጄፒ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በመንግሥት የተሾሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድላቸውም። በየቤተ መጻሕፍቱ፣ በፍርድ ቤቶች፣ አንዳንድ ቦታም በገበያ ማዕከላት ሰዓት ወስደው ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ የክልል መንግሥታት በአቅራቢያችሁ ያለውን ጄፒ የምትፈልጉበት ገጽ አላቸው። ከጄፒ ሌላ እንደ ፋርማሲስት፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህርና ፖሊስ ያሉ ባለሙያዎችም በብዙ መመሪያዎች ተቀባይነት አላቸው። ግን የማንን ፊርማ እንደሚቀበል የሚወስነው መዛኙ አካል ስለሆነ ዝርዝሩን ቀድማችሁ እዩ።

ስትሄዱ ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ያዙ። አረጋጋጩ ሁለቱን ካስተያየ በኋላ ኦሪጅናሉን አይቶ ትክክለኛ ቅጂ መሆኑን እንዳረጋገጠ ይጽፋል። ይፈርማል፣ ቀን ያስገባል፣ ሙሉ ስሙን፣ ሙያውን፣ የምዝገባ ቁጥር ካለውም ቁጥሩን ያሰፍራል። ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህ ሁሉ መኖራቸውንና መነበባቸውን እዩ። ሰነዱ ብዙ ገጽ ከሆነ የእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ይፈርምላችሁ። አንዲት የጎደለች ቀን ሰነዱን ልታስመልስባችሁ ትችላለች።

ከአውስትራሊያ ውጭ ላላችሁ ነገሩ ትንሽ ይወደዳል። ኖታሪ ያስከፍላል፣ የአውስትራሊያ ኤምባሲም ያስከፍላል። ስለዚህ የትኛው ሰነድ ብቻ መረጋገጥ እንዳለበት ለይታችሁ ሂዱ። ሁሉንም ተሸክሞ መሄድ ነው ኪስ የሚያራቁተው። “አፖስቲል ያስፈልጋችኋል” የሚላችሁ ካለም መመሪያው ላይ የት እንደተጻፈ ያሳያችሁ። አፖስቲል በ1961 የሄግ ስምምነት አባል አገሮች መካከል የመንግሥት ሰነድ ላይ ያለን ፊርማና ማህተም የሚያረጋግጥ ሌላ ነገር ነው። ካልተጠየቃችሁ አትክፈሉበት።

ትርጉም ላይም እንዲሁ ይደራርቡባችኋል። ትርጉም፣ ከዚያ የትርጉሙ ማረጋገጫ፣ ከዚያ የማረጋገጫው ኖታሪ። ለቪዛው አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠራ ትርጉም ናቲ ከሚባለው የአውስትራሊያ የተርጓሚዎች ዕውቅና ሰጪ አካል ዕውቅና ባገኘ ተርጓሚ መሠራት አለበት። ተርጓሚው ቁጥሩ ያለበት የራሱ ማህተም አለው፤ ቁጥሩንም ናቲ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ትችላላችሁ። ከአገሩ ውጭ የሚተረጉም ሰው የናቲ ዕውቅና አይጠየቅም። ግን ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ ስልኩንና በቋንቋው ያለውን የትምህርትና የሥራ ልምድ ትርጉሙ ላይ ማስፈር አለበት። መዛኙ አካል ከዚህ የጠበቀ ነገር ሊፈልግ ስለሚችል እዚያም መመሪያውን እዩ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። “ኦሪጅናሉን ማምጣት አያስፈልግም፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ ማህተም ያለበት ፒዲኤፍ እንልካለን” የሚሉ አሉ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ያጓጓል። እባካችሁ ሽሹት። ኦሪጅናሉን ያላየ ሰው “ኦሪጅናሉን አይቻለሁ” ብሎ ሲፈርም ሐሰት እየጻፈ ነው። ያ ወረቀት የሚገባው ደግሞ በእናንተ ስም ነው። 4020 የሚባለው የቪዛ መስፈርት ሐሰተኛ ሰነድ ወይም አሳሳች መረጃ የቀረበበትን ማመልከቻ ውድቅ ያደርጋል። ለሆም አፌርስ ብቻ ሳይሆን ለሙያ መዛኙ አካል የተሰጠ ሰነድም ይካተታል። በዚህ ምክንያት የተከለከለ ሰው ይህ መስፈርት ያለባቸውን ቪዛዎች እንዳያገኝ ለ3 ዓመት ሊታገድ ይችላል። ጉዳዩ ከማንነት ጋር ከተያያዘ እገዳው 10 ዓመት ነው። ማህተሙን የሸጠላችሁ ሰውዬ ያን ጊዜ ስልኩን አያነሳም። ዲግሪያችሁ እውነተኛ ሆኖ፣ ልምዳችሁ እውነተኛ ሆኖ፣ በሌላ ሰው ማህተም ምክንያት መጠርጠር እንዴት ያለ በደል ነው!

ማዋከቢያቸውንም ዕወቁ። “ግብዣ ከመጣ 60 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፣ የምዘና ሰነዳችሁን ዛሬውኑ እናረጋግጥ” ይላሉ። 60 ቀኑ እውነት ነው፤ 189 እና 190 ለሚባሉት የሙያ ቪዛዎች “አመልክቱ” የሚል ግብዣ ከደረሳችሁ በኋላ ለማመልከት የሚሰጠው ጊዜ ነው። ምዘናው ግን ከግብዣው በፊት ያለቀ መሆን አለበት። ስለዚህ በ60 ቀን እያስፈራራ የምዘና ሰነድ ማረጋገጫ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ያታልላችኋል።

አውስትራሊያ ውስጥ ሆኖ የቪዛ ምክር የሚሰጥ ሰው፣ ጠበቃ ካልሆነ ወይም ሕጉ ለይቶ ካልፈቀደለት በቀር፣ የተመዘገበ ኤጀንት መሆን አለበት። ማርን የሚባል ባለ 7 አኃዝ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ጠይቁት፣ ከዚያ ኤጀንቶቹን በሚመዘግበውና በሚቆጣጠረው ቢሮ፣ በኦማራ መዝገብ ላይ ስሙን ከቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። ኦሪጅናል ፓስፖርታችሁን “እኛ ጋ ይቀመጥ” ለሚል ሰው አትስጡ።

ከፍላችሁ ከሆነም ዝም አትበሉ። አውስትራሊያ ውስጥ የተሰጠ አገልግሎት ከሆነ ክፍያው በዝርዝር እንዲጻፍላችሁ በ30 ቀን ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ አገልግሎት ሰጪው በ7 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። የማያስፈልግን ነገር “ግዴታ ነው” ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማሳሳት ነው፤ ለክልላችሁ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤት በሉ። ሻጩ የተመዘገበ ኤጀንት ከሆነ ለኦማራ ጻፉ። በካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁንም አነጋግሩ። የምትጠራጠሩት ማህተም ያለበት ሰነድ እጃችሁ ላይ ካለ አታስገቡት፤ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ጄፒ ጋ ሄዳችሁ እንደ አዲስ አሠሩት። አስገብታችሁት ከሆነ ግን በራሳችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የተመዘገበ ኤጀንት ወይም የስደተኞች ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ስህተትን ለሆም አፌርስ የማሳወቂያ ቅጽ አለ፤ ቁጥሩ 1023 ነው።