ቪትዝ ወይስ ዲዛየር? የቶዮታ ሰው ለምን አይለወጥም

ባሕር ዳር ላይ ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመዛዝነው የቶዮታን ቪትዝና የሱዙኪን ዲዛየር ነው። በወረቀት ላይ ዲዛየር ያሸንፋል። ባለ 1.2 ሊትር ሞተር፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ከኋላም ሰፊ የሻንጣ ቦታ ያለው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ለሚያመላልስ ሾፌር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቪትዝ ግን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሲያይ ይጨነቃል።

የቶዮታ ወዳጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ንቅንቅ አይልም። ብዙዎቹ ቪትዞች ለጃፓን መንገድ በቀኝ መሪ ተሠርተው ኋላ መሪያቸው ወደ ግራ የዞረ ናቸው። ሌላ ብራንድ ቢሆን ይህ ብቻውን ገዢ ያባርር ነበር! ለቶዮታ ሲሆን ይታለፋል፤ ዋናው ምክንያት መለዋወጫ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ደጀን ላይ የፍሬን ሸራ ቢያልቅ የቶዮታው አይጠፋም፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ከዚያ ደግሞ የሽያጩ ነገር አለ፦ ገንዘብ ሲቸግር ቶዮታ ገዢ አያጣም።

በእኔ ግምት ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ዲዛየር ይሻላል፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ጋራዡም ቅርብ ነው። አገር አቋራጭ ለሚወጣ ግን ቪትዝ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ የሚገኘው ባብዛኛው ያገለገለ ነው። ስለዚህ ቪትዝ ከመረጣችሁ፣ ከዋጋ ክርክር በፊት መሪው እንዴት እንደዞረ መካኒክ ይይላችሁ።