የመስታወቱ ሳጥን ለዛፍ ዘንዶ፦ ጣጣው ክዳኑ ላይ ነው

የምናየው ከፊት በሁለት በር የሚከፈተውን፣ ክዳኑ የሽቦ ወንፊት የሆነውን 60 በ45 በ60 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሳጥን ነው። የምንመዝነውም ለአንድ እንስሳ ብቻ ነው፤ የኒው ጊኒና የአውስትራሊያ ኬፕ ዮርክ ደን ነዋሪ ለሆነው አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶ። ይህ እባብ ቀኑን ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጭንቅላቱን ከጥቅሉ መሐል አሳርፎ ይውላል። ስለዚህ ሳጥኑ የሚፈተነው ወለሉ ላይ ሳይሆን ዘንጉ ባለበት ከፍታ ነው።

በሮቹ ያስመሰግናሉ። ለየብቻ ስለሚከፈቱ እባቡ በግራ እያለ ውሃውን በቀኝ መቀየር ይቻላል፤ ከላይ የሚወርድ እጅም አያስደነግጠውም። ለግልገል ግን በሁለቱ መስታወቶች መገናኛ ያለውን ክፍተት በእርሳስ ይሞክሩት። እርሳስ ካሳለፈ ግልገልም ያሳልፋል።

ክዳኑ ላይ ሲደረስ ሙገሳው ያበቃል። ሙቅ አየር እርጥበቱን ይዞ በወንፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ባለቤቱ ያንን ለማካካስ ደጋግሞ ውሃ ይረጫል፤ ወለሉ ይጨቀያል፣ ዘንጉ አካባቢ ያለው አየር ግን እንደ ደረቀ ይቀራል። ከላይ በድርቀቱ የእባቡ ቆዳ እየተቆራረጠ ይወልቃል፤ ከታች ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባል፣ ሳንባውም ይታመማል። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም አረፋ የሚያወጣ እባብ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የወንፊቱን ሁለት ሦስተኛ በልኩ በተቆረጠ ፕሌክሲግላስ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ይሸፍኑ፤ ከማሞቂያው ሥር ያለውን ቦታና በተቃራኒው ጫፍ አንድ ጠባብ መስመር ክፍት ይተዉ። ፕላስቲኩ ማሞቂያውን እንዳይነካ! ማታ አንዴ ሲረጩ እርጥበቱ 80 በመቶ ገደማ ይድረስ፤ በማግስቱ ወደ 50 ይውረድ። ቀትር ላይ መስታወቱ አሁንም ጤዛ ካዘለ አየሩ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። አብሮ የሚሸጠው ተለጣፊ ባለመርፌ መለኪያ ጌጥ ነው፤ ዲጂታል ይግዙ።

የሴራሚክ ማሞቂያው ከወንፊቱ በላይ ይቀመጥ፣ ሙቀቱን እየለካ በሚያበራውና በሚያጠፋው መሣሪያ፣ በቴርሞስታትም ይሥራ። በሞቃቱ ዘንግ ላይ 30 ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው ጫፍ 25፣ ሌሊት 23 ገደማ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቴርሞስታቱን ሴንሰር ወለል ላይ ጥሎ ነው። ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያው አይጠፋም፤ ላይ ያለው እባብ ጀርባው ይቃጠላል። ሴንሰሩን በሞቃቱ ዘንግ ከፍታ አጥብቀው ይሰሩት።

ዘንጎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አግድም፣ ከፍታቸው የተለያየ፣ ውፍረታቸው ከእባቡ ወገብ ጋር የሚቀራረብ። እየታጠፈ የሚቀረጸው ሰው ሠራሽ ሐረግ ሲከብደው ስለሚጎብጥ አይሆንም። ዘንጉን አይለጥፉት፤ መደገፊያ ላይ ብቻ ይረፍ። ሳጥኑን ማጽዳት ሲፈልጉ እባቡን ከነዘንጉ ያወጡታል። ጥቅሉን በእጅ መፍታት እሱንም ያስጨንቃል፣ ንክሻም ያመጣል፤ የፊት ጥርሶቹ ረጃጅም ናቸው። ከጀርባ ያለውን የፎም ግድግዳም ያውጡት፤ ጥልቀት ይሻማል፣ ከኋላው የገባ ቆሻሻም አይታይም።

ቢጫ ወይም ቀይ ሆነው ለሚፈለፈሉ ግልገሎች ይህ ሳጥን በጣም ሰፊ ነው፤ በትንሽ ሳጥን ይጀምሩ። ለወጣት እባብ፣ ክዳኑ ከተሸፈነ፣ እንመክረዋለን። ላደገ እባብ ግን 45ቱ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጠባል፤ በ60 በ60 በ60 የፒቪሲ (የጠንካራ ፕላስቲክ) ሳጥን ሙቀትና እርጥበት መያዝ ይቀላል።