ማክሮ፣ የቢልድ ፍተሻ ወይስ የተለያየ ፋይል? የሲ ኮድ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚለይባቸው ሦስት መንገዶች ንጽጽር

አንድ የሲ ኮድ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክ ኦኤስም ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ለየትኛው እየተገነባ እንደሆነ ገና ኮምፓይል ሲደረግ ማወቅ አለበት። ለዚህ ሦስት መንገድ አለ፤ ምርጫውን የሚወስነው ኮዱ «የት ነኝ?» ብሎ ነው ወይስ «ይህ ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቀው የሚለው ነው።

የኮምፓይለሩ ማክሮ

ማክሮ ኮምፓይለሩ ራሱ አስቀድሞ የሚሰጠው ስም ነው፤ «የት ነኝ?» ለሚለው ይመልሳል፣ ምንም ተጨማሪ መሣሪያም አይፈልግም። በአንድ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች በ«ኢንክሉድ» በሚያስገቡት ፋይል) ብቻ ለሚሰራጭ ላይብረሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ተጠቃሚው በምን እንደሚገነባው አስቀድሞ አይታወቅምና። ክሮስ ኮምፓይል ሲደረግም፣ ማለትም በአንድ ሲስተም ላይ ሆኖ ለሌላ ሲገነባ፣ አይሳሳትም፤ ማክሮው የሚናገረው ፕሮግራሙ ስለሚሮጥበት ሲስተም ነው። በሜክፋይል (የግንባታ ትዕዛዞች ፋይል) ውስጥ የሚሮጥበትን ሲስተም ስም የሚናገረውን «ዩኔም» ትዕዛዝ ጠርቶ የሚወስን ሰው ግን ሊኑክስ ላይ ሆኖ ለዊንዶውስ ሲገነባ «ሊኑክስ» የሚል መልስ ያገኛል።

የሚያስቸግሩት ስሞቹ ናቸው። ለዊንዶውስ የሚጠየቀው «_ዊን32» ነው፤ ስሙ 32 ቢልም በ64 ቢትም ይኖራል። አንደርስኮር የሌለው ግን ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክት ሴቲንግ የሚመጣ ስለሆነ አይታመንም። ለሊኑክስ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለው «__ሊኑክስ__» ነው ትክክሉ። ባዶው «ሊኑክስ» በጂሲሲ ኮምፓይለር የጂኤንዩ ሞድ (ከሲ ስታንዳርድ ውጭ ተጨማሪ ነገር በሚፈቅደው) ይሠራል፣ ስታንዳርዱን ብቻ በሚከተለው ጥብቅ የሲ11 ሞድ ግን ይጠፋል።

ቅደም ተከተልም አለው። አንድሮይድ «__ሊኑክስ__»ንም ስለሚሰጥ «__አንድሮይድ__» መቅደም አለበት። «__ዩኒክስ__» ደግሞ አፕል ላይ ስለሌለ «__አፕል__» ለብቻው ይጠየቃል። ማክን ከአይፎን ለመለየት የሚያገለግለው «ታርጌት_ኦኤስ_አይፎን» ማክሮውን የያዘው የአፕል ሄደር ከገባ በኋላ ማክ ላይም ይኖራል፣ ዋጋው ግን 0 ነው። ስለዚህ ስሙ መኖሩን ብቻ በሚያየው «ኢፍዴፍ» ከተጠየቀ ሁልጊዜ እውነት ይሆናል፤ መጠየቅ ያለበት ዋጋውን በሚያየው «ኢፍ» ነው።

ስሙ በስህተት ከተጻፈ ፕሪፕሮሰሰሩ (ከኮምፓይል በፊት ማክሮዎቹን የሚያስተናግደው ክፍል) ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። የመጨረሻው «ኤልስ» ሊኑክስን ከመገመት ይልቅ «ኤረር» ብሎ ያቁም። ኮምፓይለሩ የሚሰጣቸውን ማክሮዎች በሙሉ ለማየት ጂሲሲን ወይም ክላንግን በ«-ዲኤም -ኢ» ባዶ ፋይል ስጡት፤ ዲ ትንሽ ፊደል ነው፣ ኤምና ኢ ትልቅ።

የቢልድ ሲስተም ፍተሻ

ቢልድ ሲስተም ግንባታውን የሚመራ መሣሪያ ነው፤ ፍተሻው «ይህ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፍ የሚቀዳውን ፈንክሽን «ስትርኤልሲፒዋይ»ን እንመልከት። ለብዙ ዓመታት በሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ስላልነበረው ብዙ ኮድ «ሊኑክስ ከሆነ የራሴን ልጻፍ» ብሎ በ«ስታቲክ» ፈንክሽን (ለዚያ ፋይል ብቻ በሆነ) ይተካው ነበር። በ2023 የወጣው ጂሊብሲ 2.38 ፈንክሽኑን ጨመረ፤ ያ ኮድ የእሱ መግለጫ ከሄደሩ መግለጫ ጋር ተጋጭቶ መገንባት አቆመ። ሊኑክስነቱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ላይብረሪው ነው። በሲሜክ «ቼክ_ሲምቦል_ኤግዚስትስ» ወይም በአውቶኮንፍ የፈንክሽን ፍተሻ (ሁለቱም የቢልድ መሣሪያዎች ናቸው) ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደርስበትም ነበር። በሲ23 መደበኛ የሆነው «__ሃዝ_ኢንክሉድ» ያለ ቢልድ ሲስተም ይሠራል፤ ሆኖም ሄደሩ መኖሩን እንጂ ፈንክሽኑ መኖሩን አይናገርም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ፍተሻ ትንሽ ፕሮግራም ኮምፓይል ያደርጋል፤ ፕሮግራሙን አስሮጦ የሚያይ ፍተሻ ከሆነ ደግሞ በክሮስ ኮምፓይል ይሰናከላል። ሲሜክ ውጤቱን ስለሚያስቀምጥ ኮምፓይለር ወይም ላይብረሪ ከተቀየረ የቢልድ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ስሞቹም ከማክሮዎቹ ጋር አይምታቱባችሁ፤ ሲሜክ ውስጥ ትክክሉ አንደርስኮር የሌለው «ዊን32» ነው፣ «ዩኒክስ» ደግሞ ማክ ላይም እውነት ነው።

የተለያየ ፋይል

በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ከሁለት በላይ «ኢፍዴፍ» ሲደራረብ ኮዱ አይነበብም። ትሬድ፣ ሶኬት ወይም የፋይል መንገድ የሚነካ ሰፊ ሥራ ከሆነ አንድ የጋራ ሄደር፣ አንድ የዊንዶውስ ፋይልና አንድ የፖዚክስ (ሊኑክስና ማክ የሚጋሩት ስታንዳርድ) ፋይል አድርጉና ቢልድ ሲስተሙ ይምረጥ። ለአሥር መስመር ልዩነት ግን አይገባም። የጋራ ሄደሩ በሁሉም ፋይሎች ውስጥ ይግባ፤ ያለዚያ አንዱ ፋይል የፈንክሽኑን አርጉመንት ሲቀይር የሲ ሊንከር (ፋይሎቹን አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያገናኘው) አይነቱን ስለማያወዳድር ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተገንብቶ ሲሮጥ ይበላሻል።