ለመንዳት ሲሙሌተር፦ አንድ ሞኒተር፣ ሦስት ሞኒተር ወይስ ቪአር (ዓይን ላይ የሚታሰር የምስል መነጽር)?

ሲሙሌተር የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ምስሉ ማማሩን ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር አስቀድማለሁ፦ ምን ያህል ወደ ጎን ያሳያል? ሳይቆራረጥስ ይሄዳል? ያማረ ቅጠልና ዝናብ ፍሬን መቼ እንደሚያዝ አያስተምርም።

ርካሹ አንድ ሞኒተር ነው። 27 ኢንቹን ከዓይናችሁ 60 ሴንቲሜትር ላይ ብታስቀምጡት የሚሸፍነው 53 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዓይናችን ግን ወደ ጎን 180 ዲግሪ አካባቢ ያያል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን የሚመጣውን መኪና ለማየት የግድ ቁልፍ መጫን አለባችሁ። አንዳንዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የእይታ አንግሉን በጣም ያሰፋና ተገላገልኩ ይላል። እሱን ባታደርጉት ይሻላል፤ የፊተኛው መኪና ከእውነቱ አንሶና ርቆ ይታያል፣ ፍጥነቱም የበዛ ይመስላል፣ ስለዚህ ርቀት መገመት የሚለማመድ ሰው የተሳሳተ ግምት ለምዶ መንገድ ይወጣል። ስክሪኑን ወደ መሪው ማስጠጋት ነጻ መፍትሔ ነው።

ሦስት ሞኒተር ሲሆን፣ የጎኖቹ በትክክል ታጥፈው ከተገጠሙ፣ ወደ 150 ዲግሪ ታያላችሁ። ቦታ ይፈጃል፣ ሶፍትዌሩም ሦስቱን በየራሳቸው አንግል መሳል መቻል አለበት፤ ካልሆነ የጎኖቹ ምስል ይለጠጣል። የግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን የሚስለውን የኮምፒውተር ክፍል) ግን ያን ያህል አትፍሩት። አንድ 1080ፒ (ሙሉ ኤችዲ) ስክሪን 2.1 ሚሊዮን ፒክሰል (የምስል ነጥብ) አለው፣ ሦስቱ 6.2 ሚሊዮን ይሆናሉ። አንድ 4ኬ (ከ1080ፒ የበለጠ ጥራት ያለው ስክሪን) ብቻውን 8.3 ሚሊዮን ነው! እኔ ብሆን ከአንድ 4ኬ ይልቅ ሦስት ያገለገሉ 1080ፒ እገዛለሁ።

ቪአር የሚበልጠው በጥልቀት ነው። ሁለቱ ዓይን የተለያየ ምስል ስለሚያይ መኪና ማቆምን፣ በጠባብ ቦታ ማለፍን የመሰለ ነገር ጥሩ ያለማምዳል፣ አንገት አዙሮ ማየትም እንደ እውነቱ ነው። በሰከንድ 90 ፍሬም (ምስል) ለመድረስ ግን ካርዱ እያንዳንዱን በ11 ሚሊሰከንድ መጨረስ አለበት፤ ሲያቅተው ያቅለሸልሻል። ርካሾቹ ላይ የሩቅ ምልክት ይደበዝዛል። ብዙ ተማሪ በየተራ ለሚጠቀምበት ቦታ አልመክርም።

በጀቱ ለአንድ ስክሪን ብቻ ከበቃ 32 ኢንች 1080ፒ ይበቃል። ካርዱ ሲደክም ጥላውን፣ ሣሩን፣ የመንገድ ዳር ሕዝቡን ቀንሱ። ስፖኪዮውንም መቀነስ ያጓጓል፣ ምክንያቱም ካርዱ አካባቢውን ለመስታወቱ እንደገና መሳል ስላለበት ከባድ ነው። እሱን ግን አትንኩት፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና በጥራት መታየት አለበት።