የጄፍ በክሊን «ግሬስ» ልትገዙ ነው? ሲዲው፣ ባለ ሦስት ዲስኩ ወይስ ሸክላው

ጥያቄው በቴሌግራም አያልቅም። «የጄፍ በክሊን አልበም ልገዛ ነው፤ የቱን ልውሰድ?» አብዛኞቹ የዚህን አሜሪካዊ ዘፋኝ «ሃሌሉያ» የተባለ ዘፈን የሆነ ቦታ ሰምተው የተለከፉ ናቸው። ሱቅ ሲገቡ አንዱ «ግሬስ» 6 ዶላር፣ ሌላው 30፣ ሌላው ከመቶ በላይ ተለጥፎበት ያገኙታል። አልበሙ ያው አንድ ነው። ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም።

ዳር ዳር አልልም። ያገለገለውን የ1994 ሲዲ ግዙ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋው እንዲህ የተራራቀው አልበሙ ሲወጣ ከገጠመው አቀባበል የተነሳ ነው። ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በነሐሴ 1994 ሲለቀው አሜሪካን አልሞቃትም አልበረዳትም። ቢልቦርድ 200 በተባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ከ149ኛ ከፍ አላለም። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቶት አለፈ። ዘመኑ የግራንጅ፣ ጊታሩ ሻካራ የሆነው የሮክ ስልት፣ ነበር። ፕሮዲውሰሩ የግራንጁን ባንድ የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» አልበም ሚክስ ያደረገው አንዲ ዋላስ ቢሆንም የወጣው ሥራ ግን ግራንጅ አልሆነም። «ኢተርናል ላይፍ» የሚለው ዘፈን ላይ ጊታሩ ይጮኻል። ከእሱ ቀድሞ ያለው ደግሞ ቤንጃሚን ብሪተን ያቀናበረው የጥንት እንግሊዝ መዝሙር ነው፤ በክሊ ጣራው ድረስ በቀጭን ድምፅ ይወጣበታል። ነገሩ ቀድሞ የገባቸው ፈረንሳዮች ናቸው። በ1995 የሻርል ክሮ አካዳሚ ሸለመው።

በክሊ በግንቦት 1997 ሜምፊስ ውስጥ ወንዝ ገብቶ ሰምጦ ሞተ። ገና 30 ዓመቱ ነበር። በሕይወት እያለ ያወጣው ሙሉ የስቱዲዮ አልበም ይሄው አንዱ ነው። አልበሙ ግን መሸጡን አላቆመም። አሜሪካ ውስጥ የሽያጭ ማዕረጎቹን፣ ጎልድን በ2002፣ ከእሱ የሚበልጠውን ፕላቲነምን በ2016 አገኘ። ታዋቂዎቹ ሮከሮች ዴቪድ ቦዊና ጂሚ ፔጅም አፋቸውን ሞልተው አወድሰውታል።

ይሄ ለኪሳችን ምን ማለት ነው? ሲዲው ለዓመታት ሳይቋረጥ ስለታተመ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ውስጥ አለ። ሸክላ ግን በ1994 «አበቃለት» የተባለበት ጊዜ ስለነበር የታተመው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያኛው ርካሽ፣ ይኼኛው እሳት ሆነ።

ወደ ሲዲው ልምጣ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ከ4 እስከ 8 ዶላር ነው የማየው። ከ10 በላይ አትክፈሉ፤ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የፕላስቲክ መያዣው ተሰንጥቆ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። አዲስ መያዣ አንድ ሁለት ዶላር ቢሆን ነው። ዲስኩን ግን አውጥታችሁ ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ብዙ ሰው የሚያየው የሚያብለጨልጨውን የታች ፊት ብቻ ነው። እሱ ቢጫር ግድ የለም፤ ከመሃል ወደ ዳር የሄደ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም፣ በጥቂት ዶላር የሚወለውሉም አሉ። ገዳዩ ጽሑፍ ያለበት የላይኛው ፊት ነው። ድምፁን የያዘው ስስ አሉሚኒየም ከጽሑፉ ሥር ስለሆነ እሱ ከተላጠ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ወደ መብራት ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ነጥብ ነጥብ ብርሃን ካሳለፈ መልሳችሁ አስቀምጡት።

በ2004 የወጣው «ሌጋሲ ኤዲሽን» ሁለት ሲዲና አንድ ዲቪዲ ነው። ያገለገለው ከ20 ዶላር አይወርድልኝም። ሰው የሚገዛው በዋናነት «ፎርጌት ኸር» ለምትባል ዘፈን ነው። ዘፈኗን ከአልበሙ ያወጣት ራሱ በክሊ ነው፤ በቦታዋ «ሶ ሪል»ን አስገባ። እኔም እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ባለቤቱ የጣላትን ዘፈን ለመስማት 15 ዶላር ጭማሪ? ስልካችሁ ላይ አለችላችሁ። የግድ ካላችሁ ሦስቱም ዲስኮች መኖራቸውን እዚያው ቆጥራችሁ ውጡ። ዲቪዲው ጠፍቶ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ሸክላው። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስሜት እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ በተለይ የአምሃ ሪከርድስን ኦሪጅናሎች የሚሰበስቡ ወዳጆቼ ያኮርፉኛል። አዲስ የታተመው ከ25 እስከ 35 ዶላር ነው። አልበሙ 52 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በአንድ ሸክላ ሲታተም በየፊቱ 26 ደቂቃ ይደርሳል። ይሄ ለሸክላ ብዙ ነው። መርፌው የሚሄድባቸው መስመሮች ይጠባሉ፣ ድምፁም ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል፤ መሃሉ ጋ ሲደርስ «ስ» እና «ሽ» መሻከር ይጀምራሉ። ጥሩ መርፌ ካላችሁ ይቻላል። በሻንጣ መሳይ ርካሽ ማጫወቻ ግን የመጨረሻዋን «ድሪም ብራዘር» እርሷት።

የ1994ቱን ኦሪጅናል ሸክላማ አታንሱብኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጓደኛዬ ኦንላይን አንድ ሻጭ ጋ አግኝቶ 140 ዶላር ከፈለ። መጣ፣ አጫወተው። «ሃሌሉያ» መግቢያ ላይ ያለው ጊታር ይዋልላል፤ ወጣ፣ ወረድ፣ ወጣ፣ ወረድ። የማጫወቻው ጥፋት መስሎት ለጥገና ወሰደው። ጠጋኙ ቀበቶ ቀይሮ 45 ዶላር ተቀበለ። ድምፁ ያው! ቤቱ ሄጄ ሸክላውን ሳየው የመሃሉ ቀዳዳ መሃል ላይ አይደለም። ሲዞር መርፌው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። መሃሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ መቀረጽ የነበረበት ቁጥርም የለም። ፎርጅድ ነው። ሻጩ መልእክት መመለስ አቆመ፤ 185 ዶላር ሄደ።

ማወቂያው ሽፋኑ ነው። ሜሪ ሲር ያነሳችው ፎቶ ላይ በክሊ ከሳልቫጅ የተገዛ የሚመስል አብለጭላጭ ጃኬት ለብሷል። በኦሪጅናሉ የጃኬቱ ፈርጦች አንድ በአንድ ይለያሉ። የጓደኛዬ ላይ ደረቱ ሁሉ ቡናማ ጭጋግ ነበር፤ ከሲዲ ሽፋን ኮፒ ተደርጎ የተለጠጠ መሆኑ ያስታውቃል። ኦንላይን ከሆነ የሽፋኑን ደረትና የተቀረጸውን ቁጥር በቅርበት አንስተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። «ነገ እልካለሁ» ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

አዲስ አበባ ላለ ሰው የምትልኩ ከሆነማ ክርክር የለውም። ሸክላ ሻንጣ ውስጥ ከቡናና ከጫማ በታች ተጭኖ ሲደርስ ጎብጧል። ሲዲ ኪስ ውስጥም ይገባል፣ ብዙ አሮጌ መኪና ውስጥም ማጫወቻ አለ።

ተጨማሪ በክሊ ካማራችሁ የተረፋችሁን ብር ለ«ላይቭ አት ሺኔ» አውሉት። ኒውዮርክ ኢስት ቪሌጅ አንዲት ትንሽ ካፌ ውስጥ በ1993 ብቻውን በጊታር የተጫወተው ነው። መጀመሪያ የወጣው ባለ 4 ዘፈኑ አጭር ነው፤ እሱን ተዉት። በ2003 የወጣውን ባለ ሁለት ሲዲ ፈልጉ። በየመሃሉ እየቀለደ ከታዳሚው ጋር ያወራል። ከ15 ዶላር በላይ ካሏችሁ ተከራከሩ፤ እምቢ ካሉ ሌላ ሱቅ አለ።