የልጆች የፀሐይ ጨረር መለኪያዎች፦ ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ ልጆች የትኛው ይሆናል?

የደብረ ብርሃን ብርድ ያታልላል። ልጁ ልብስ ደራርቦ ነፋስ እየገረፈው ሜዳ ላይ ሲውል ፀሐይ የመታው አይመስልም። ቆዳ የሚያቃጥለው፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት፣ ግን ከሙቀት ጋር አይሄድም፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ላይ። በሙቀት የሚፈርድ ሰው ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። ለዚህ ነው መለኪያ የሚያስፈልገው።

አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ቀለም የሚቀይረው ዶቃ ርካሽ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ለመለኪያ ግን አይሆንም። የዋለበትን ጨረር አይደምርም፤ ጥላ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይነጣል። ከሁሉ የከፋው ጉድለቱ ለእኛ አገር ደጋ ነው፤ ቀለሙ በብርድ ይጠቁራል፣ በሙቀት ይደበዝዛል። በኅዳር ማለዳ በደካማ ፀሐይ ደብረ ብርሃን ላይ ድምቅ ብሎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር ፈዞ ቢታይ ማንም ይሳሳታል። ክፍል ውስጥ ለማስተማር ይበቃል፤ ቁጥር አይጠየቅበት።

ፖሊሰልፎን የሚባለው ስስ ፊልም ሌላ ነው። ውፍረቱ 40 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ መሀሉ የተበሳ ካርቶን ላይ ተለጥፎ እንደ ባጅ ይደረጋል። ባትሪ የለው፣ ድምፅ የለው፤ ልጁ ይረሳዋል፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። ከመታሰሩ በፊትና በኋላ በስፔክትሮፎቶሜትር (ፊልሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስቀር በሚለካ መሣሪያ) በ330 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ይነበባል፤ ልዩነቱ ወደ ጨረር መጠን ይቀየራል። የፊልሙ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በ4 ነጥብ ተነብቦ አማካዩ ይያዝ። ለውጡ ፊልሙ ከፀሐይ ከተነሣ በኋላም ጨለማ ውስጥ ጥቂት ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሁሉም በተነሡ በ24ኛው ሰዓት ይነበቡ። አንዱን ማታ፣ ሌላውን በ3ኛው ቀን ማንበብ ውጤቱን ያዛባል።

ፊልሙ ይጠግባል፣ ማለትም ብዙ ጨረር ካረፈበት በኋላ ተጨማሪውን በትክክል አይመዘግብም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአልትራቫዮሌት ኢንዴክሱ (የጨረሩን ብርታት የሚነግረው ቁጥር) 12 በሆነበት ሰዓት ጠፍጣፋ መሬት ላይ በ1 ሰዓት ውስጥ 1,080 ጁል በካሬ ሜትር ያርፋል፤ 1 መደበኛ የቃጠሎ መጠን 100 ጁል በመሆኑ ወደ 11 የሚጠጋ ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ባጅ የታሰረለት ልጅ ቁጥሩ ከእውነተኛው አንሶ ይወጣል። በ4፣ በ6 እና በ8 ሰዓት ይቀየር።

ቦታው ደግሞ ልብስን ያይ። ትከሻ ላይ የተሰፋ ባጅ መንዝ ላይ ባና ሲደረብበት ይሸፈናል፤ የእጅ አንጓም እጅጌ ውስጥ ይገባል። ለከብት ጠባቂ ልጅ የቆቡ አናት ይሻላል፤ ነገር ግን አናት በቀትር ከፊት የበለጠ ስለሚቀበል የአናትን ቁጥር ከአንጓ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይገባም። በመውቂያ ወቅት የአውድማ ብናኝ ፊልሙ ላይ ተቀምጦ ጨረሩን ይጋርዳል፤ በትንሽ የጎማ መንፊያ ይነፋ እንጂ በጨርቅ አይጠረግ፣ ይጫጫራል። የጣት አሻራም ንባቡን ያበላሻል።

ኤሌክትሮኒክሱ መለኪያ ውድ ነው፤ ፊልሙ የማይነግረውን ሰዓት ግን ይነግራል፦ ጨረሩ በእረፍት ነው ያገኘው ወይስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመንገድ? ልጁ ውጭ እያለ መዝገቡ በቀትር ዜሮ ካሳየ ኪስ ገብቷል ማለት ነውና ያ ቀን ይሰረዝ። በጀቱ ለሁሉም ልጅ ካልበቃ 1 ብቻ ይገዛና ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ይቀመጥ። ከጎኑ 8 ፊልሞች ተዘርግተው በየ30 ደቂቃው አንድ አንድ ይነሡ፤ ከዚያ የሚወጣው መስመር የልጆቹን ፊልም ወደ መጠን መቀየሪያ ይሆናል። በበጋ የተሠራ መስመር ለክረምት አይውልም፤ የፀሐይዋ ማዕዘንና የኦዞኑ መጠን ሲለወጥ ፊልሙ የሚሰጠው ምላሽ ስለሚለወጥ እንደገና ይሠራ።